የዳንግላው ቅጂ

በዚህ ክረምት አራት አልበም ሰማሁ። አራቱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ወንበሬን መስኮቱ ሥር ስቤ፣ እንደ ድሮዬ። ስልኬ ላይ የምትጭንልኝ የወንድሜ ልጅ ሰናይት ናት። እዚሁ ቆሰበር ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትልና «አክስቴ፣ ይኼንን ይስሙትና ምን እንደሚሉ ይንገሩኝ» ትለኛለች። የምለውን ወስዳ ለመምህራኑ ትነግራለች፤ በዚህ ሰበብ «እትዬ ጥሩ ያልሰሙት አልበም አልበም አይባልም» የሚል ቀልድ ወጥቶልኛል። ይቀልዱ። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ካሴት ስገለብጥ ነው፤ ከዘፈን በቀር ደፍሬ የምፈርድበት ነገር የለኝም።

የመጀመሪያው የአንዲት ልጅ እግር ዘፋኝ ሥራ ነው። አሥራ አራት ዘፈን! አሥራ አራቱም ስለ አንድ ሰው! ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው፣ አያልቅም እንዴ? ድምጿ መልካም ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ስቱዲዮ አስገብተው በኮምፒውተር አሽተው አሽተው ትንፋሿን በሙሉ አውጥተውባታል። በእኛ ጊዜ ዘፋኝ ሲተነፍስ ይሰማ ነበር፤ የአንዳንዱማ ትንፋሹ ከዜማው ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው የአንድ አንጋፋ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሰ ተብሎ አገር የተንጫጫለት። ሳክስፎኑ ደስ ይላል። እሱ ግን ድሮ ብቻውን በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን ዳገት አሁን ተቀባዮቹን ከፊት እየላከ ነው የሚወጣው፤ እነሱ ጫፍ ሲደርሱ እሱ ገና ታች ነው። ሦስተኛውን ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ሰምቼው ረሳሁት። ሰናይት ስትጠይቀኝ «ደኅና ነው» አልኳት፤ እኔ ደኅና ነው ካልኩ ነገሩ እንዳከተመ ታውቃለችና ሳቀች።

ግን ኃጢአቱን ሁሉ ለዘፋኞች ማሸከም ደግ አይደለም። እኔም ደንዝዣለሁ። መጀመሪያ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ነው እል ነበር። ቀጥሎ መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት፣ ሰው የገዛ ዘመዱን ለቅሶ የማይደርስበት ጊዜ መጣና እሱ ነው አልኩ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ጥርስ ሊነቅሉ መርፌ እንደወጉት ድድ ሆኛለሁ፤ እንደሚነኩኝ አውቃለሁ፣ አይሰማኝም። በሰኔ የጎረቤቴ ልጅ ተመርቃ ቤቱ እልል ሲል እኔም እልል አልኩ፤ እልልታው ከአፌ ወጣ፣ ከሌላ ቦታ አልመጣም። ድሮ እኮ አንዲት የክራር ምት ከመንገድ ማዶ ስሰማ ሰውነቴን ይወረኝ ነበር። አሁን አራት አልበም ሙሉ ሰምቼ ተነስቼ ሽሮዬን አማስላለሁ።

አራተኛው የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። የአገራችን ልጅ ነው፣ የጎጃም፤ ሽፋኑ ላይ ጋቢ ደርቦ ፈረስ አጠገብ ቆሟል። ለፎቶው ብቻ ተውሰው እንዳመጡለት ያስታውቃል፤ ፈረሱ ወደዚያ፣ እሱ ወደዚህ ነው የሚያየው። ድምፁ ግን ድምፅ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ሰናይት አጠገቤ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች፣ እኔ ድንች እልጣለሁ። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፦

ፈረሴ ለመደ የሰፈርሽን በር፣
ልቤን ብለቀው ደጅሽ ላይ ሊያድር።

«ይቺን አውቃታለሁ!» አለች ሰናይት። «አባዬ ጋ ካሴቷ ነበር። የዚያ የድሮው ዘፋኝ አይደለችም?»

«አይደለችም» አልኩ።

«እኔም አንድ ጊዜ ፈልጌ አጣኋት፤ እሱ ከዘፈናቸው ውስጥ የለችም። ለዚህ ነው ልጁም ግጥምና ዜማ የሕዝብ ብሎ የጻፋት።»

«የሕዝብም አይደለችም።»

«ታዲያ የማን ናት አክስቴ?»

ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ። እጄን ሳየው የያዝኩት ድንች ተልጦ ተልጦ ባቄላ አክሏል። ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። ለሌላ ዘፈን ብደነዝዝ ዕድሜ ነው ይባላል፤ ለዚያች ዘፈን ከደነዘዝኩ ግን ያደረግኩትንም ረስቼ ልሞት ነው ማለት ነው። የማን እንደሆነች የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቷም በሕይወት ካለ፣ ሁለት ነን። ካለ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። ያኔ ዳንግላ ሙዚቃ ቤት ነበር የምሠራው። ጊዜው ሰዓት እላፊ የነበረበት ነው፤ የትኛው ሰዓት እላፊ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ብዙ አይተናል። ወንዱ ሱሪውን ከታች አስፍቶ መንገድ የሚጠርግበት፣ ሴቷ ፀጉሯን አፍሮ የምታበጥርበት ፋሽን አዲስ አበባ ከረሳችው በኋላ ነው ዳንግላ የሚገባው፤ ለእኛ ግን ትኩስ ነበር። እኔ አንዲት ሰማያዊ ፕሊሴ ጉርድ ነበረችኝ፤ ማታ ማታ እጥፋቷ እንዳይበላሽ ከፍራሽ ሥር አስተኝቻት ጠዋት ብድግ አድርጌ እለብሳታለሁ። ሙዚቃ ቤቱ ከገበያው ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ጋሪዎች ይሰለፋሉ። በጋሪ ከመናኸሪያ ገበያ ስሙኒ ነበር፤ ዕቃ ካለህ ስሙኒ ትጨምራለህ፣ ከበግህ ጋር ከሆንክ ትከራከራለህ። በራችን ላይ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ስንከፍት ጋሪዎቹ ሁሉ በእኛ ዘፈን ነበር የሚነሱት። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ መጠገኛ ነው ይሉኛል። ይሉኛል የምለው፣ ዳንግላ ለሠርግም ለለቅሶም ስሄድ ያንን ጥግ በሌላ መንገድ ዞሬ ስለማልፈው ነው።

ባለቤቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ መኮንን ይባሉ ነበር፤ ቆብ የማይለያቸው፣ ጥርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ እንጨት የማይጠፋ ሰው። ሥራችን መቅዳት ነው። ሁለት ቴፕ በሽቦ ይገናኛል፤ በአንዱ ዋናው ካሴት፣ በሌላው ባዶው ይገባል፤ ከዚያ ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር እስኪዘፈን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ያኔ ማፋጠን የለም፤ ሙሉ ካሴት ለመቅዳት ሙሉ ካሴት መስማት ነበር። ለዚህ ነው ያንን ዘመን ዘፈን ሁሉ ከነሳሉ የማውቀው። እስክሪብቶ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ ማጠንጠን፣ የተቆረጠውን በጥፍር ቀለም መቀጠል፣ የዘፈኖቹን ስም በወረቀቱ ላይ መጻፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ «የጥሩን ጽሕፈት ስጪኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ነበረን።

የመቅዳት ሥራ አንድ ችግር አለው፤ ዘፈኖቹ ያልቁና ካሴቱ ይተርፋል። ገዢው ቤቱ ሄዶ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ሽ-ሽ-ሽ የሚል ብቻ ሲሰማ «አጉድላችሁብኛል» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ የተረፈውን ቦታ በሌላ ዘፈን እንሞላዋለን፤ ጅራት እንለው ነበር። ሁሉም ሙዚቃ ቤት የየራሱን ጅራት ይቀጥላል። የዳንግላ ሰው ካሴቱን ሰምቶ ጅራቱም የዘፋኙ ይመስለዋል፤ የባሕር ዳር ሰው ሌላ ጅራት ሰምቶ እሱም እንደዚያው። ሁለቱ በሠርግ ቢገናኙ «የመጨረሻዋ ዘፈን እኮ…» ብለው እስከ ጠብ ይደርሱ ነበር። ዛሬ የድሮ ካሴቶችን አጽድተው በስልክ ሲለቁ «ቆርጠውታል፣ አንዲት ዘፈን ጎድላለች» እያሉ የሚቆጩ የእኔ ዘመን ሰዎችን ስሰማ ዝም እላለሁ። የጎደለው ጅራታችን ነዋ።

ዳምጤ ባለጋሪ ነበር። ከአዘና በኩል የመጣ የገጠር ልጅ፤ የእናቱ ቋንቋ አገውኛ ነው፣ አማርኛውን ዳንግላ ነው ያፈታታው። ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነበረው። ሌሎቹ ጋሪዎች በሰልፋቸው ሲቆሙ ቦራ ሰልፉን አልፎ የእኛ ደጃፍ ይቆማል። ጋሽ መኮንን «ምነው አንተ ልጅ፣ ደንበኛ አትዝጋብን» ሲሉት «እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ እሱ ነው የሚያቆመኝ» ይላል። እሱ ያን ሲል እኔ ወረቀት ላይ አቀረቅራለሁ። ከቆርቆሮና ከጅማት የሠራት ክራር ነበረችው፤ ጋሪው ላይ ከመቀመጫው ሥር ነው የሚያኖራት። ሰው ሲጠፋ አውጥቶ ይዘፍናል፤ ቃሉ አማርኛ፣ ዜማው የእናቱ አገር ዜማ። እኔን አንድ ቀን «የኔንም ትቀጂልኛለሽ?» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ መኮንን ቤታቸው ሲሄዱ ቀዳሁት። በሩን ዘጋን፤ የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ማይክራፎኑን በገመድ ከጣሪያው አንጠለጠልኩለት። አንድ ጊዜ ነው የዘፈናት። ፈረሴ ለመደ የሰፈርሽን በር፣ ልጓሙን ብለቀው ደጅሽ ላይ ሊያድር። ልጓሙን ነው ያለው። ልክ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ቴፑ ካሴቱን በላው፤ ነከስ አድርጎ ለቀቀው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ አወጣሁት፤ በጥፍሬ አስተካከልኩት፣ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት፤ ግን የተጨማደደው ቦታ ተጨማድዶ ቀረ። ስናሰማው «ል…ን ብለቀው» ይላል፤ መሐሉ ተውጧል። «እንደገና ልዝፈናት?» አለኝ። የጋሽ መኮንን መምጫ ደርሶ ነበር። «ይበቃል፣ አያስታውቅም» አልኩት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «ስሜን ትጽፊልኛለሽ?» አለኝ። «እጽፍልሃለሁ» አልኩ። ደጁ የማን ደጅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አውቀው ነበር።

በዚያ ሰሞን አገር የሚያብድለት አንድ ዘፋኝ አዲስ ካሴት አውጥቶ ነበር፤ ስሙን አላነሳም፣ አፈር ይቅለለውና እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። አሥር ዘፈን ነበረው፤ መጨረሻው ላይ አምስት ደቂቃ ይተርፋል። ጋሽ መኮንን የዳምጤን ሰሙና «እሰይ! ይቺን ቀጥይበት» አሉ። «የዳምጤ ናት፣ ስሙን ልጻፍ?» አልኳቸው። እንጨቱን ከጥርሳቸው አወጡ። «ባለጋሪው? ኧረ ተይ! ሰው ለባለጋሪ ድምፅ ከፈልን ብሎ ካሴቱን ፊታችን ላይ ይወረውረዋል። ባዶውን ተይው።» ተውኩት። አሥር ስም ጻፍኩና አሥራ አንደኛዋ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ስንት ካሴት ላይ ያንን መስመር እንዳሰመርኩ እኔ ነኝ የማውቅ።

ዘፈኗ ታዲያ አገር አዳረሰች። ከቆሰበር፣ ከአዘና፣ ከቻግኒ «የዳንግላውን ቅጂ ስጡን» እያለ ሰው ይመጣ ነበር፤ የሌላ ቤት ጅራት አልጥመው ብሎ። ጋሽ መኮንን ጎዳናውን እየተንጎራደዱበት ነበር። ያ የተጨማደደ ቃል ደግሞ በሰው አፍ ተሞላ፤ «ል…ን» ያለውን ሁሉም «ልቤን» አደረገው። ልቤን ሲባል ቤቱ አንድ ቀለም ይጎድለዋል፣ ያነክሳል፤ ግን ፍቅር ውስጥ ያለ ሰው ቀለም አይቆጥርም። ዳምጤ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። መንገደኛ ጋሪው ላይ ሆኖ ዘፈኗን ሲያንጎራጉር ዘወር ብሎ «የኔ ናት» ይላል፤ ይስቁበታል። ወደ እኔ መጥቶ «ስሜን አልጻፍሽም?» አለኝ። «በሚቀጥለው ቅጂ» አልኩት። በሚቀጥለውም መስመር አሰመርኩ።

ከዚያ የጋሽ መኮንን የእህት ልጅ ሠርግ መጣ። ጥር ነው፤ ዳሱ ሞልቷል፣ እኔ ከሚዜዎቹ አጠገብ ነኝ፣ ያቺን ፕሊሴ ጉርዴን ለብሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሞቅ ሲለው ዳምጤ ክራሩን ይዞ ተነሳ። ያቺኑ ጀመረ። ልጓሙን ብለቀው ሲል አንዱ ሚዜ «ልቤን! ልቤን በል!» አለው። ደገመ፤ ልጓሙን አለ። «የሰው ዘፈን አታበላሽ!» አለ ሌላው። ዳምጤ ቆመና «የኔ ናት እኮ፣ እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። «የኔ ናት አለ ባለጋሪው! የፈረሱ እንዳትሆን!» የሙሽራው አጎት ደግሞ ጨዋ ናቸው የሚባሉ ሰው «ልጄ፣ በሠርግ ቀን አይዋሽም» አሉት። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አስተያየቱ ንገሪያቸው ነው። ሰዉ በጭብጨባ «ልቤን ብለቀው» እያለ ዘፈኑን ነጥቆት ተቀበለ። እኔም አጨበጨብኩ። እኔም ልቤን አልኩ።

ዳምጤ ክራሩን ይዞ ከዳሱ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦራ ደጃፋችን አልቆመም። በዓመቱ አግብቼ ቆሰበር ገባሁ፤ ባለቤቴ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ለሱም አልነገርኩትም።

እንግዲህ ሰናይት «የማን ናት?» ካለችኝ በኋላ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ደኅና ነው ሲባል ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ብቻ ሆኗል፤ ድሮ ገብስ የነበረበት ማሳ ሁሉ ዛፍ ነው፣ አስፋልቱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ሹፌሩ አንድ አልበም ከፈተ፤ የዚያች የባለ አሥራ አራት ዘፈኗ ልጅ ነው። ሦስት ዘፈን ሰምተን ዳንግላ ገባን። ያንን ጥግ ዞሬ አላለፍኩትም። እውነትም የስልክ መጠገኛ ነው። ማዶው ላይ አምስት ጋሪዎች ቆመዋል፣ የቀረው ባጃጅ ነው። አንዱን ባለጋሪ «ዳምጤ የሚባል የድሮ ባለጋሪ ታውቃለህ?» ስለው «ፉርሽካው ዳምጤ? ይሳፈሩ እማማ፣ እኔም ከሳቸው ነው የምገዛው» አለኝ። አለ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያ የድድ መርፌ ግን አልለቀቀኝም፤ ጋሪው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ቆርቆሮ የለበሰች ሱቅ ናት። ፉርሽካ በጆንያ በጆንያ ቆሟል፤ አንድ ሽበታም ሰው አጎንብሶ በጣሳ ይሰፍራል።

«ስንት ልስጥዎት?» አለ ቀና ሳይል።

«ሰው ፈልጌ ነው። እንደምን ዋሉ?» አልኩ።

ድምፄን ሰምቶ ቀና አለ። አየኝ፣ አየኝና «የሙዚቃ ቤቷ! ጥሩዬ አይደለሽም እንዴ? ደግሞ እኔን ነው ዋሉ የምትይኝ?» አለ። ተሳሳምን። ጆንያ ላይ ጋቢውን አነጠፈልኝ። ሚስቱ ደኅና ናት፣ አምስት ወልዷል፣ አንዱ ባጃጅ ነው የሚነዳው። «አባቱ በፈረስ፣ እሱ በባጃጅ፤ ሁለታችንም ያው ስንዞር ነው የምንውለው» ብሎ ሳቀ። ቂም የያዘ ሰው ፊት አልነበረም። እሱ ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ፤ ሲሰድበኝ ልሰማ ነበር የመጣሁት።

ስልኬን አውጥቼ ሰባተኛውን ዘፈን ከፈትኩለት። ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አለ ሲያልቅ። «ድምፅ አለው። ሁለተኛው ቤት ላይ ቸኮለ እንጂ፤ ፈረስ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ አይቸኩልም። ድሮ እኔም እወዳት ነበር ይቺን ዘፈን።»

«ያንተ ናት እኮ ዳምጤ» አልኩት።

«ተይኝ እስቲ! እሱን ነገር ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ጨርሻለሁ።»

«ምኑን ነው የተናዘዝከው?»

ጣሳውን ጆንያው ላይ አስቀመጠ። «ከዚያ ሠርግ በኋላ ነዋ። ሰው ሁሉ የዘፋኙ ናት ይለኛል፤ ካሴቱ ላይ አለች፣ እሱ የታወቀ ዘፋኝ ነው፣ እኔ ማነኝ? መጀመሪያ ተናደድኩ። ቃሉን እንኳ አታውቀውም፣ ልቤን ነው ይሉኛል። ካሴቱን ሄጄ ሰማሁት፤ ድምፁም የኔ አልመስል አለኝ። የገዛ ድምፁን ከውጭ ሰምቶ የሚያውቅ ማን ነበር ያኔ? ዓመት ሲያልፍ ግራ ገባኝ። ጋሪ ላይ ሆኜ ከአንዱ ቤት ሬዲዮ ሰምቻት የኔ አስመስያት ይሆናል አልኩ። አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ የኔ ብትሆን ጥሩዬ ዝም አትልም ነበር አልኩ። እንግዲህ የሰው ላብ ሰርቄያለሁ፣ በሠርገኛ ፊትም የኔ ናት ብዬ ዋሽቻለሁ። ሄጄ ተናዘዝኩ። ዐቢይ ጾሙን ሙሉ በቀን አርባ አርባ ስግደት ቀኖና ሰጡኝ። ሰገድኩ። ከዚያ ወዲያ ክራር አልያዝኩም።»

ጆሮዬ ሰማ። ሌላው አካላቴ ዘገየ። ከዚያ ምላሴ ራሷን ችላ መናገር ጀመረች።

«ዳምጤ፣ አንተ ልቤን አላልክም። ልጓሙን ነው ያልከው። ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ በሩን ዘግተን። ቴፑ እዚያ ቃል ላይ በላው። እንደገና ልዝፈናት ስትለኝ ይበቃል ያልኩህ እኔ ነኝ። ስምህን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ዳሱ ውስጥ ልቤን ብዬ ያጨበጨብኩብህም እኔ ነኝ። አልሰረቅክም። የሰረቅነው እኛ ነን።»

«ልጓሙን» አለ ለራሱ። ጣቱን ጆንያው ላይ እየመታ ቤቱን በልቡ አዜመ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «ልጓሙን ብለቀው… ልክ ነው። ልጓም ነው እንጂ የሚለቀቀው።»

አንዲት ሴት ላም የሚበላ ፉርሽካ ፈልጋ መጣች። ተነስቶ ሰፈረላት፣ አሰረላት፣ «ልጅሽ ተሻለው?» ብሎ ጠየቃት፤ መረቀችው፤ ሄደች። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለምን አልተናገርሽም ጥሩዬ?»

«አፈርኩብህ» አልኩ። ይቺን ቃል ለማንም ተናግሬያት አላውቅም። «ባለጋሪ ነህ፣ አገውኛ ትናገራለህ፣ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ደጁ የኔ ደጅ እንደሆነ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«አውቀሽው ኖሯል?»

«አውቄው ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ብዙ ጊዜ። መናደዱን እጠብቅ ነበር፤ ዓይኑ ላይ ያየሁት ግን ድካም ነው፤ ረጅም መንገድ በተሳሳተ አቅጣጫ ሄዶ የነቃ ሰው ድካም። የወንድሜ ልጅ ለዘፋኙ ትጽፍለታለች፣ የሕዝብ የሚለውን አጥፍቶ ያንተን ስም ያኖረዋል አልኩት።

«ስሜን ይተወው» አለ። «አሁን ስም ምን ያደርግልኛል? ቃሉን ያስተካክል ብቻ። ልጓሙን ይበል።»

«እሺ። ይነገረዋል።»

 ውጪ የልጁ ይሁን የሌላ ሰው ባጃጅ ጡሩንባውን አሰማ። ዳምጤ ድንገት «ታዲያ ያ ቀኖና?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የሰገድኩት ነዋ። ሙሉ ጾም፣ በቀን አርባ። ለሌለ ኃጢአት ነው ለካ የሰገድኩት።» አገጩን ይዞ አሰበ፤ የምሩን ነበር የሚያስበው። «መቼም እግዜር የተሰገደ ነገር መሬት አይጥልም። የተረፈ ከሆነ ላንቺ ይሁንልሽ በቃ።»

«አሜን» አልኩት። ሁለት ጊዜ አልኩ፤ የመጀመሪያው ድምፅ አልነበረውም።